ክክ ስልከው ምስር ይዞ የመጣው ልጄ

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ከእኔ፣ ከአባቱና ከአያቱ ጋር እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ይኖራል። ይንተባተባል። ይህን አንድ ቃል እንዲህ ቀጥ አድርጌ ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። በፊት ሰው ሲጠይቀኝ «ቶሎ ቶሎ ማውራት ስለሚወድ ነው» እል ነበር። «ሲያድግ ይተወዋል» እል ነበር። አንዳንዴ ደግሞ እሱ ራሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማኝ «ሰው ፊት ሲሆን ብቻ ነው፣ ቤት ደህና ነው» እል ነበር፤ ቤትም ደህና አልነበረም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ግማሽ ኪሎ ክክ ገዝተህ ና ብዬ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ላክሁት። ምስር ይዞ መጣ። «የለም አሉ» አለኝ። ዝም ብዬ ምስሩን ሠራሁ። ሰኞ እኔው ራሴ ስሄድ ክኩ በማዳበሪያ ሞልቶ በሩ ላይ ቆሟል። ባለሱቁን ቅዳሜ አልቆ ነበር ወይ አልኩት። «ኧረ እኛ ጋ ክክ አልቆ አያውቅም» አለኝ። ቤት ገብቼ ልጄን ተቆጣሁት። ውሸት ከየት ተማርክ አልኩት። እግር እግሩን እያየ ዝም አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግን አላለቀሰም። ያን ቀን የነበረው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ያውም እሱ ለእኔ ሳይሆን በኋላ ላገኘናት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሲነግራት ሰምቼ። «ክ» አትወጣለትም። «ም» ትወጣለታለች። ክክ፣ ክክ እያለ በልቡ እየደጋገመ ሱቁ በር ድረስ ይሄዳል፣ ባለሱቁ «እህ፣ ምን ልስጥህ?» ሲለው ግን የምትወጣለትን ይገዛል። እስቲ ክክ የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት። ቃሉ ራሱ ድግግሞሽ ነው። አንድ ልጅ «ክ፣ ክ፣ ክክ» ሲል ባለሱቁ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ እንኳን ግራ ይገባዋል፤ ኋላው የቆሙት ልጆች ደግሞ ይስቃሉ። «መንተባተብ»ም «ተብታባ»ም እንደዚያው ናቸው፤ የችግሩ ስም ራሱ ለልጁ የማይወጣ ቃል ነው።

ልጄ እንዲህ ቃል እየቀያየረ ነበር የሚኖረው። እኛ አናይም። ንግግሩ ደህና የሆነ በመሰለን ቀን እሱ ምን ያህል ቃል ጥሎ፣ ስንቱን ጥያቄ ትከሻውን ሰብቆ እንዳለፈ አናውቅም።

ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ደንግጦ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። የተኩሱን ድምፅ፣ ሰው ሌሊት በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሁሉንም አይቷል፣ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ መንተባተቡ በረታ። ስለዚህ ጦርነቱ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ጦርነቱን መውቀስ ይቀለኝ ነበር። አምና ግን አሮጌ ስልኬን ሳስተካክል በ2012 ለዒድ የቀረጽነው ቪዲዮ ተገኘ። አራት ዓመቱ ነው፣ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ካሜራውን እያየ «እ-እ-እ-እማ፣ እ-እ-እይኝ» ይላል። ጦርነት የለም፣ ድንጋጤ የለም፣ እየሳቀ ነው። ያኔ ከኋላ የምሰማው የራሴ ድምፅ ደግሞ «ቀስ በል፣ ቀስ ብለህ ተናገር» ይላል።

መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ቃል መደርደር ሲጀምር። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ በሆነ ወቅት ይንተባተባሉ። አብዛኞቹ ያለማንም እርዳታ ይተዉታል። ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም የሚቆይባቸው ግን አሉ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ሲታይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይንተባተባል። ወንዶቹ ከሴቶቹ በብዙ ይበልጣሉ፣ በትምህርት ዕድሜ ላይ አንድ ሴት ልጅ ካለች ሦስት አራት ወንድ ይኖራል። በዘርም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የሚያያዙ ጂኖችን ለይተው አሳውቀዋል። ይህን ሳነብ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ፣ በገዛ ሠርጉ እንኳን አንድ ቃል ሳይናገር የዋለው ወንድሜ፤ እኛ ቤት «ዝምተኛ ነው» ነበር የሚባለው። ድንጋጤና ጭንቀት ያለውን ሊያብሱት ይችላሉ። እንደ ልጄ ያለውን የልጅነት መንተባተብ ግን ከባዶ አያመጡትም። ከጓደኛ «ተላምዶ» የሚመጣም አይደለም፣ ከእውቀት ማነስም አይደለም፣ ከወላጅ ቁጣም አይደለም። አንጎል ንግግርን የሚያቀናብርበት አሠራር ላይ ያለ ልዩነት ነው። አሜሪካዊው የመንተባተብ ተመራማሪ ዌንደል ጆንሰን በዘመኑ ችግሩ የሚጀምረው ከወላጁ ጆሮ ነው ይል ነበር፣ ወላጁ ነው ልጁን «ተብታባ» እያለ ተብታባ የሚያደርገው ዓይነት፤ ያ አስተሳሰብ ዛሬ ተትቷል። እናቶች ይህን እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። እናንተ አላመጣችሁትም።

ያልሞከርነው የለም። ጎረቤታችን እማማ ጠበል አመጡልን፣ እናቴ ዱዓ አድርጋለታለች። ሁለቱንም በፍቅር ተቀብያለሁ። እናቴ ማታ ማታ ጭንቅላቱን እየዳበሰች የነቢዩ ሙሳን ታሪክ ትነግረዋለች፣ ምላሳቸው ላይ ያለው ቋጠሮ እንዲፈታ አላህን የለመኑትን፣ ወንድማቸው ሃሩን እንዲያግዛቸው የጠየቁትን። ልጄ ይህን ታሪክ ይወደዋል። ነቢይም ይቸገር ነበር ማለት ነው። አንድ ዘመዳችን ግን እንጥሉን አስቆርጡለት አለ፣ እሱን እንቢ አልኩ። እንጥል ከመንተባተብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ቆርጠው ያደሟቸው ልጆች ግን አሉ። እባካችሁ የልጅ ጉሮሮ ላይ ምላጭ አታስነኩ።

እናቴን ግራ ያጋባት ሌላ ነገር ነበር። ልጁ ቁርአን ቤት ከልጆች ጋር አብሮ ሲቀራ አይንተባተብም። መንዙማ ሲልም እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። «ታዲያ ይህ እልህ ነው እንጂ በሽታ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም ውስጤ ይጠራጠር ነበር። ለካ የታወቀ ነገር ነው። የሚንተባተብ ሰው ሲዘፍን፣ ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ድምፁን አጣምሮ ሲያነብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተብም። እልህ ቢሆን ኖሮ መንዙማውም ላይ ይንተባተብ ነበር።

ወደ ሐኪም ያስኬደኝ የትምህርት ቤት ካርድ ነው። አምና ሦስተኛ ክፍል እያለ፣ ካርዱ ላይ የቀረበት ቀን 14 ተብሎ ተጽፎ መጣ። ልጄ አንድም ቀን አልቀረም፤ እኔ ነኝ በዚያ በደሴ ብርድ፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ እጁን ይዤ በሩ ድረስ የማደርሰው። ጠየቅነው። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት አለበት። «አ» ደግሞ ጉሮሮው ላይ ትዘጋበታለች። አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ እየተርገበገበ፣ እጁ ጭኑን እየመታ፣ ድምፅ የለም። መምህሩ ቀና ሳይሉ ቀጣዩን ስም ይጠራሉ። «ቀሪ»። ልጁ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አሥራ አራት ጊዜ ቀሪ ተብሏል።

ደሴ ላይ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ሙያው አገራችን ውስጥ ገና ልጅ ነው፣ ያሉትም ባለሙያዎች በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። እና ክረምቱን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን እህቴ ቤት ሁለት ሳምንት ከረምን፣ ከዚያ በኋላ በስልክ በቪዲዮ ቀጠልን። ለሁሉም ቤተሰብ የሚቻል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ፣ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ብዙ ነገር አለበት።

እኔ የጠበቅሁት ምላስ የሚያፍታታ ልምምድ ነበር። ባለሙያዋ ግን መጀመሪያ ለልጄ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችውና «ቃሉ ሲጣበቅ ምን ይመስላል? ሳልልኝ» አለችው። ሐረጎን ሳለ። ጠመዝማዛ መንገድ፣ ኩርባው ላይ የቆመ ትልቅ መኪና፣ ከኋላው የተሰለፉ ትንንሽ መኪኖች፣ ክላክስ ሲያደርጉ። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ አብሮት ሲወርድ ጋቢና ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። «ትንንሾቹ መኪኖች እነማን ናቸው?» አለችው። አንዷን በጣቱ አሳያት። «እማ» አለ።

ክላክስ የማደርገው እኔ ነኝ። «ቀስ በል»፣ «ትንፋሽ ውሰድ»፣ «አስበህ ተናገር»። ለእርዳታ ብዬ ነበር። ቃሉን እየጨረስኩለትም ነበር። እሱ ግን የሚሰማው «አንተን መጠበቅ ከብዶኛል» የሚል ነው።

ከሥዕሉ ተነስተው ነው የሠሩት። ድምፅ ከየት እንደሚወጣ፣ አየሩ፣ ጉሮሮው፣ ከንፈሩ እንዴት እንደሚሠራ አወቀ። ቃሉ ሲጣበቅ የበለጠ መግፋት ማለት ኩርባ ላይ ነዳጅ መስጠት ነው፣ ይብሳል። መጀመሪያ ውጥረቱን ማላላት፣ ከዚያ ቃሉን ለስለስ አድርጎ ማንከባለል። «አቤት»ን ጉሮሮውን ዘግቶ ከመጀመር ይልቅ ትንሽ አየር አስቀድሞ ለቆ፣ ድምፁን ቀስ ብሎ ከላዩ ላይ ማስቀመጥ። ልጄ ይህን «ከባድ ማርሽ» አለው። አባቱ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለው ነው። ባለሙያዋ አንድ ሕግ አወጣች፤ «ከባድ ማርሽ» የሚለውን ቃል የሚጠቀመው እሱ ብቻ ነው። እኛ እናዝዘው ዘንድ አልተፈቀደልንም፣ ካዘዝነው ተመልሶ ክላክስ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላው የቤት ሥራ ነው። ሆን ብሎ መንተባተብ። መጀመሪያ እሷ ራሷ ልጄን ይዛ ሱቅ ገብታ «ው-ው-ው-ውሃ» ብላ ገዛች። ልጄ አፉን ከፍቶ ያያታል። ትልቅ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ ሰው ፊት ተንተባትቦ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ መልስ ተቀብሎ በሰላም ወጣ። ከዚያ እሱ አደረገው። በኋላ «አንቺም ታደርጊዋለሽ» አለችኝ።

ደሴ ስንመለስ ፒያሳ አንድ የማያውቀኝ ሱቅ ገባን። «ክ-ክ-ክ» አልኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ ዞር አደረገ። ጎኔ የቆመች ሴት ነጠላዋን አስተካከለች። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ፊቴ ጋለ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ «ምስር» ብዬ ብገላገል ደስታዬ ነበር። ልጄ ከታች ወደ ላይ እያየኝ ነው። ቃሉን ጨረስኩት። ስንወጣ አላወራንም። ሸዋ በር ልንደርስ ስንል «አየሽ?» አለኝ። አዎ፣ አየሁ። ያኔ ነው ውሸታም ያልኩትን ቀን አንስቼ ይቅርታ የጠየቅሁት።

ትምህርት ቤቱንም ሄጄ አነጋገርኩ። ዘንድሮ ያሉት መምህርት ልዩ ሰው ናቸው፣ አላህ ይስጣቸው። እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ልጁን ለብቻው ጠርተው «ምን ላድርግልህ?» አሉት። ስም ሲጠራ እጁን ማንሳት ወይም «አቤት» ማለት እንደ ፍላጎቱ ሆነ። ጮክ ብሎ ማንበብ ሲመጣ ለሁሉም ተማሪ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማንበብ ተፈቀደ፣ እሱ ብቻ ተለይቶ እንዳይታይ። የቃል ፈተናውን በሰዓት አይለኩበትም። ከማንበብ ግን አላስቀሩትም፣ ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ከዚህ በፊት አንድ መምህር በደግነት «አንተ ተወው፣ ቁጭ በል» እያሉ ያሳልፉት ነበር፤ ያ ደግነት ልጁን ዓመት ሙሉ ዝም አሰኝቶታል።

ጥቅምት 12 በዓለም ላይ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይከበራል። ዘንድሮ በዚያ ቀን ልጄ ክፍሉ ፊት ወጥቶ የሐረጎን ሥዕል ይዞ ስለ መንተባተብ አወራ። ሐሳቡ የባለሙያዋ ነበር፣ አወጣለሁ ያለው ግን እሱ ነው። መምህርቷ እንደነገሩኝ ስድስት ሰባት ጊዜ ተጣብቋል። አንድ ልጅ «ያማል?» ብሎ ጠየቀው። «አ-አያምም። ስትስቁ ነው» አለ።

ስድቡ ጨርሶ አልቀረም። ሰፈር ውስጥ አሁንም የሚያስመስሉት አሉ። ልዩነቱ አሁን «አዎ፣ እንተባተባለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን የሚል ልጅ ላይ ማሾፍ ብዙም አይጣፍጥም መሰለኝ፣ ይተዉታል።

እና ድኗል ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አልዳነም። ሲደክመው፣ ሲጓጓ፣ ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ሽሚያ ሲያወራ ይበረታል፣ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከናካቴው ይተወዋል ብሎ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ፣ በተለይ በቲክቶክ «በሳምንት ምላስ እንፈታለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትን። ሕክምናው የሰጠን ሌላ ነገር ነው። ልጄ ያወራል። ቃሉን ሳይቀይር፣ የፈለገውን ያወራል። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ የእሱና የእኔ ናት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ እኔ አልጠይቅም፣ አላርምም፣ አየዋለሁ እንጂ። አንዳንድ ማታ ስለ ኳስ ብቻ ነው፣ ምንም አይገባኝም፣ ቢሆንም እሰማለሁ።

ሱቅ ይላካል። ክክ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ዘግይቶ።

ስልክ ነው የቀረን። ስልክ ላይ ፊት አይታይም፣ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፣ ድምፁ ካልወጣ ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል። አባቱ ከመንገድ ሲደውል ልጁ ያነሳል፣ ዝም ይላል፣ አባቱ «ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ብሎ ይዘጋል። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነ መሰላችሁ። ልጁ ስልኩን እያየ ይቀራል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሚሌ ላይ ኔትወርክ እየተራገመ የዘጋው በልጁ ላይ መሆኑን አላወቀም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ደወለ። ልጄ አነሳ። ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ዝምታ። ከዚያኛው በኩል የመኪናው ሞተር ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። አባቱ «ሄሎ» አላለም። አልዘጋም። እናቴ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ቀና አለች። የልጄ እጅ ጭኑ ላይ ነው፣ አልመታውም። ትንሽ አየር ሲለቅ ሰማሁት።

«አ... አባ» አለ። «ቴ-ቴ-ቴምር እንዳትረሳ።»

«ስንት ኪሎ?» አለው አባቱ።